ስድስት ዓመት «ለጊዜው»

ጥያቄ፦

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 43 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ስምንት አባወራ በሚጋራው ግቢ በእናቴ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ቤቱን አልጠላሁትም፤ ሰፈሩን ግን ልወደው አልቻልኩም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጣ ነው። የታክሲው ሰልፍ ዕድሜ ይጨርሳል። ጎረቤቱ በሩን ዘግቶ ይኖራል። ዕድሬ፣ የጽዋ ማኅበሬ፣ ፀጉር ቤቴ፣ ሌላው ቀርቶ በርበሬ የማስፈጭበት ወፍጮ ቤት እንኳ አራዳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ መሄጃ አጣሁ። የዕድሩ ሰው ተበታትኖ አሁን የምንገናኘው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰው የት እንደምኖር ሲጠይቀኝ እስከ ዛሬ የምመልሰው "ለጊዜው ቱሉ ዲምቱ" ብዬ ነው። ባለቤቴ "ስንቱ በኪራይ ይንከራተታል፤ አንቺ ምስጋና አታውቂም" ይለኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ደግሞ ባለፈው ክረምት አክስቱ ዘንድ ለሁለት ሳምንት ብልከው በአራተኛው ቀን "ወደ ሰፈሬ መልሱኝ" ብሎ አለቀሰ። ሰፈሬ የሚለው ይህንን ነው! ሰፈርን መውደድ ይለመዳል ወይስ ከራሱ ካልመጣ አይመጣም? ከአሮጌው ዕድርስ ልውጣ?»

መልስ፦

እህቴ፣

በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና «አንቺ» ብልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩልሽ፤ በሁለተኛው ሳቄ መጣ። ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ ፀጉር ቤቱን ስትዘረዝሪ አብሬሽ ነበርኩ። በርበሬው ላይ ስደርስ ግን ተለያየን። ከቱሉ ዲምቱ አራዳ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛላውን ቀንጥሰሽ፣ ደልዘሽ፣ አስጥተሽ፣ ቅመሙን ቆልተሽ፣ ሁሉንም በማዳበሪያ ቋጥረሽ ያንን የምታማርሪውን ሰልፍ ተሰልፈሽ፣ ታክሲ ቀያይረሽ! አቃቂን፣ ቃሊቲን፣ ሳሪስን ስታልፊ ስንት ወፍጮ ቤት ጥለሽ ሄደሻል? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ የአራዳው ወፍጮ ድንጋይ ከሌላው በምን ይለይ ነበር? ትሄጂ የነበረው በርበሬውን ተቀብሎ «እናትሽ ደኅና ናቸው?» ለሚልሽ ሰው መስሎኛል።

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት ባለቤትሽን ትንሽ ልቆጣው። ቤት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። በ2005 ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ዕጣ የሚጠብቅ ስንት ሰው እንዳለ አንቺም አታጪውም። ነገር ግን ምስጋና ሌላ፣ መውደድ ሌላ። ሰው ጋቢ ቢሰጡት አመስግኖ ይለብሳል፤ ጋቢው ከኮሰኮሰው ግን ኮሰኮሰው ነው። «ስንቱ አጥቶ» የሚለው ንግግር አንቺን ዝም ያሰኝሽ ይሆናል እንጂ ያንን ሰልፍ አያሳጥረውም፤ ሰፈሩንም አያስወድድሽም። ምናልባት እሱም ውስጥ ውስጡን ከፍቶት ይሆናል፤ ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር በተግሣጽ ነው የሚናገሩት።

ሌላም አለ። አንቺ «ልወደው አልቻልኩም» ብለሽ የጻፍሽውን እኔ «ለቅሶ ላይ ነኝ» ብዬ አነበብኩት። ሰው ሲሞትብን ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ፍራሽ ይነጠፋል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ «እግዜር ያጽናሽ» የሚል አይጠፋም። ሰፈር ሲፈርስ ድንኳን የሚተክል የለም። ዛሬ ሄደሽ ቦታው ላይ ብትቆሚ የእናትሽ ማጀት የነበረበትን በጣትሽ ማሳየት አትችዪም። ለዚህ ማልቀስ ነውር የለበትም፤ ስለዚህም ይህን ባነበብሽ ማግሥት ፍቅር ይያዝሽ አልልም። ለቅሶውን ግን ከሰፈሩ ለይው። አራዳን የገደላት ቱሉ ዲምቱ አይደለም።

አሁን አራዳሽን ትንሽ ልነካካት ነው፤ ታገሺኝ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ከ«ሰፈረ» የወጣ ነው፤ ጦር ሲሰፍር፣ ድንኳን ሲተከል እንደምንለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተመሩ ከነወታደሮቻቸው ሰፈሩ። እስከ ዛሬ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ለዚህ ነው። ቤት ሠርተን፣ ልጅ ወልደን፣ አርጅተን የኖርንበትን ቦታ ሁሉ የምንጠራው ነገ በሚነሣ ድንኳን ስም ነው ማለት ነው። ያንቺ «ለጊዜው» አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፤ አያቶቻችንም ለጊዜው ሰፍረው ነው መቶ ዓመት የቆዩት።

ስሞቹን ደግሞ ተመልከቺ። ከናንተው ጎን የነበረው እሪ በከንቱ! ብትጮኺ የሚደርስልሽ የለም ማለት ነው እኮ። ያንን ስም ያወጣ ሰው ሰፈሩን ወዶ ያወጣው አይመስለኝም። ካዛንቺስን ደግሞ ውሰጂ፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ድርጅት አኅጽሮተ ስም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። እስኪ ይህ ከ«ሳይት ሁለት፣ ብሎክ 47» በምን ይሻላል? ደረቅ የቢሮ ስም ነበር። ሰዉ ግን ተዳረበት፣ ወለደበት፣ ተጣላበት፣ ታረቀበት፤ ስሙንም በምላሱ አለሳለሰው። ዛሬ «ካዛንቺስ» ሲባል ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ትውልድ አለ። የጣሊያን ቢሮ ያንን አልሰጠውም።

ያንቺ ሰፈር ስም ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ትርጉሙን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ቱሉ በአፋን ኦሮሞ ኮረብታ ወይም ተራራ ነው፤ ዲምቱ ቀይ። ቀይ ኮረብታ። ከባሌ ተራሮች ከሁሉ ከፍ የሚለው የ4,377 ሜትሩ ጫፍም ስሙ ቱሉ ዲምቱ ነው። የሚያስቀው ጫማሽ ላይ የሚለጠፈው ጭቃ ቀይ አለመሆኑ ነው። ያ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በየግቢው ኮብልስቶኑ እየተነሣ የሚያደናቅፈን አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ለጤፍና ለሽምብራ ግን ከእሱ የተሻለ የለም፤ ሽምብራማ ዝናቡ ካበቃ በኋላ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅልበታል። ብሎክሽ የቆመበት መሬት ሕንፃው ሳይመጣ የገበሬ ማሳ ነበረ። የዚያ ገበሬ ልጅ ዛሬ ከሳይቱ ጀርባ የሚኖር፣ ምናልባትም ወተት የሚያመጣልሽ ሰው ሊሆን ይችላል። አንቺ ሰፈርሽ ፈረሰብሽ፤ እሱም ማሳው ሕንፃ ሆነበት። ሐዘንሽ ከእሱ የበለጠ የሚገባው ሰው የት ይገኛል? አንድ ቀን «አካም ጅርቱ» ብለሽ ጀምሪና ቦታው ከብሎኩ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ጠይቂው። ይህን ጥያቄ በስድስት ዓመት ውስጥ የጠየቀው የሳይቱ ነዋሪ ካለ ይገርመኛል።

መስኮትሽስ ወዴት ነው የሚያየው? አራት ፎቅ ያለ ሊፍት መውጣት ጉልበት እንደሚጨርስ አውቃለሁ፤ እኔም ሦስት ፎቅ እወጣለሁ። አንዴ ከተወጣ በኋላ ግን ከፍታው ያንቺ ነው። ወደ ምሥራቅ ከሆነ የረር ተራራ አለልሽ። ወደ ደቡብ ከሆነ፣ ዝናብ አየሩን ባጠበበት ማለዳ፣ ዝቋላ ከሜዳው ላይ ብቻውን ተነሥቶ ይታያል። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ እዚያው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ስንቱ ምእመን ከከተማው ተነሥቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ዳገት ወጥቶ የሚደርስበትን ተራራ አንቺ ልብስ እያሰጣሽ ታይዋለሽ። ለመሆኑ ከእናትሽ ግቢ ምን ይታይ ነበር? የጎረቤት ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቆርቆሮ። (ቆርቆሮውም ይናፍቃል፤ አውቃለሁ።)

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ሰው ሰፈሩን ስላወቀው ብቻ ይወደዋል ብዬ አይደለም። ዓይን ለመክፈት ያህል ነው። ዋናው ነገሬ ሌላ ነው፤ እሱን ለመናገር የራሴን ታሪክ ማውጣት አለብኝ።

እኔ ጀሞ የገባሁ ጊዜ ካንቺ የባስኩ ነበርኩ። መጋረጃዬን አልከፍትም። ቅዳሜ ሲመጣ ወደ ቀበና፣ ወደ ዱሮ ጎረቤቶቼ እሸሻለሁ፤ እሑድ ማታ እንደ እስረኛ እመለሳለሁ። ከበላዬ የሚኖሩትን «አራተኛ ፎቆቹ» ነበር የምላቸው፤ ስማቸውን አላውቅም፤ የማውቀው ሙቀጫቸውን ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ከላይ ለቅሶ ተሰማ። የሴትዮዋ እናት ነበሩ፤ ሊታከሙ ከገጠር መጥተው እዚያው አረፉ። ዕድር ገና አልተቋቋመም። ጥሩምባ የሚነፋ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቅ እንኳ የለ። ጠዋት ሬሳ ሳጥኑን ሲያወርዱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በእኔ በር ፊት፣ አልዞር አለ። ደረጃው ጠባብ ነው። አራት ወንዶች ተሸክመውት ቆሙ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሆነም። በሬን ከፈትኩ። ሳጥኑ እስከ ግማሹ ሳሎኔ ገብቶ ነው የዞረው።

እንግዲህ የማላውቃቸው እናት ሳሎኔ ገብተው ወጡ። ከዚያ በኋላ መጋረጃ መዝጋት ትርጉም አጣ። ሁለት ብረት ድስትና ያሉኝን ሳህኖች በሙሉ ላክሁ፤ ንፍሮውም በእኔ ምድጃ ተቀቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃው ተመለሰ፤ አንደኛው ድስት ውስጥ ድፎ ዳቦ ነበረበት። እናቴ «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» ትል ነበር፤ ሴትዮዋም እንደ እኔዋ ዓይነት እናት ያሳደገቻት መሆን አለባት። ዳቦውን በላሁ። በላሁና ተበደርኩ። ዕዳዬን ከከፈልኩ በኋላ እሷ ተበደረች። እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ ዓመት ሆነን፤ አሁን ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ ጠፍቶናል፤ እንዲጣራም አንፈልግም።

ያ ሰፈር የተወደደኝ ያኔ ነው። ውሃው አልተሻለም፤ ሰልፉ አላጠረም። እኔ ግን ባለዕዳ ሆንኩበት።

ያንቺን ሂሳብ ደግሞ ተመልከቺ። ያበደርሽውም የተበደርሽውም በሙሉ አራዳ ነው። እዚያ ለስንቱ ለቅሶ ሊጥ ለውሰሻል፤ ለሠርግሽ ስንቱ ወጥ ሠርቷል። ቱሉ ዲምቱ ላይስ? በስድስት ዓመት ውስጥ ከማን ሽንኩርት ተበድረሻል? ቁልፍሽን ለማን ትተሽ ወጥተሻል? ልጅሽን ማን ዘንድ አስቀምጠሻል? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ጨዋ ነሽ፤ ማንንም አላስቸገርሽም። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ፊት ለፊትሽ ያለችው ጎረቤትም ጨዋ ትሆናለች፤ እሷም በሯን ዘግታ «ጎረቤቶቼ ኩሩ ናቸው» እያለች ለሌላ ዓምድ አዘጋጅ እየጻፈች ይሆናል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ሰው ሁሉ ይጠቅሳል፤ ቅርቡ ጎረቤት ግድግዳ በመጋራት ብቻ የሚገኝ ይመስል።

ስለዚህ ማስቸገር ጀምሪ። ሄደሽ ጨው ተበደሪ። ጨው እንዳላለቀብሽ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ይህችን ውሸት እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል። ስትመልሺ በባዶ ዕቃ አትመልሺ። የሽንኩርትና የቲማቲም ግዢሽን አንድ ጉልት ላይ፣ ከአንዲት ሴት አድርጊ፤ ሁለት ብር ለማትረፍ በየጉልቱ አትዙሪ። ወር ሳይሞላ፣ ሦስት ቀን ስትቀሪ፣ «የት ጠፋሽ?» ትልሻለች። ስንት ዓመት ሆነሽ ይህን ከተጠየቅሽ? ጠዋት ሰልፍ ላይ ከፊትሽ የሚቆመውንም ሰው አስቢው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ታውቂዋለሽ፤ ኮቱን ሲቀይር ታውቂያለሽ፤ «እንደምን አደሩ» ብትዪው ምን ትከፍያለሽ? ለበዓልም ቅርጫ የምትገቢው ከአራዳ ሰዎች ጋር እንደነበር እገምታለሁ። ለሚቀጥለው ከብሎክሽ ሰዎች ጋር ግቢ። መደቡ ሲደለደል፣ «የኔ ሻኛ አነሰ» ሲባባሉ ስታዪ ሰዎቹ ያን ያህል ባዕድ እንዳልሆኑ ይገባሻል።

ይህ ሁሉ ከባድ ከመሰለሽ በቀላሉ ጀምሪ፤ ልጅሽ ይምራሽ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እጁን ያዢና «ሰፈርህን አሳየኝ» በዪው። አንቺ ስድስት ዓመት ከቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቤት የተመላለስሽ መንገደኛ ነሽ፤ እሱ ነዋሪ ነው። የቱ ውሻ እንደሚናከስና የቱ እንደሚያስመስል፣ የትኛው ባለ ሱቅ በዱቤ ማስቲካ እንደሚሰጥ፣ ኳስ የት ስትወድቅ እንደማትመለስ፣ የማን እናት እንደምትጮህ ያውቃል። የማን እናት እንደምትጮህ ሲነግርሽ ስምሽ ቢነሣ አትቆጪው። መንገድ ላይ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ጭቃው አታውሪ፤ እሱን ሌላ ቀን ታወሪያለሽ። ቡሄ ሲመጣ ደግሞ ወደ ዘመድ ቤት አትሽሺ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ለሆያ ሆዬ እንደተሠራ ነው፤ ሃያ ልጅ ዱላውን በየደረጃው ሲደበድብ፣ ድምፁ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሲያስተጋባ፣ ዶሮ ማነቂያም እንዲህ አልሰማሽም። ሙልሙል ጋግረሽ ጠብቂያቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ያንቺው «መልሱኝ» ባይ ልጅሽ ነው።

ስለ ችግሩም ልናገር፤ ሰፈርን መውደድ ችግሩን እንደሌለ ማድረግ ነው የሚሉትን አልወዳቸውም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስትመጣ «ይሁን» ማለት የለብሽም። እንዲያውም አንድ የሚያበሳጭ ነገር ልጨምርልሽ፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው የሚቀዳው ካንቺው አካባቢ፣ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የከተማውን የውሃ ማሰሮ ተንተርሰሽ እየተኛሽ ጀሪካን ትደረድሪያለሽ። ተናደድሽ? ጥሩ። ይህን ንዴት ብቻሽን አራተኛ ፎቅ ላይ ይዘሽው አትቀመጪ፤ ወደ ብሎክሽ ስብሰባ ይዘሽው ውረጂ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲኖራቸው የደነገገው ሕንፃውን አብራችሁ እንድታስተዳድሩ ነው። ስብሰባው አሰልቺ ነው፤ አልዋሽሽም። ሦስት ሰው ይናገራል፣ ሃያው ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ ተነሥቶ አይቀመጥም። ነገር ግን የእኛ ደረጃ አምፖል የበራው፣ ሮቶ የተተከለው፣ ለዘበኛው ማደሪያ የተሠራው በዚያ አሰልቺ ስብሰባ ነው። ለአምፖሉ ያዋጣሁት ከቡና ዋጋ አይበልጥም። ማታ ደረጃውን ስወጣ ግን የእኔ አምፖል ይመስለኛል፤ ቢቃጠል የምደነግጠውም እኔ ነኝ። ወረዳም ሄዶ ስለ ውሃ የሚጠይቅ ብሎክና የሚጠይቅ ግለሰብ እኩል አይሰሙም።

የማይወደድ ሰፈርም አለ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በሰላም የማይገቡበት፣ ልጅ የማያሳድጉበት ከሆነ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ቤቱን አከራዪና ውጪ እልሽ ነበር። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ሰልፍ፣ ውሃና ብቸኝነት ነው ያየሁት፤ ሦስተኛው ደግሞ በእጅሽ ነው።

አሁን ወደ ዕድሩ። አትውጪ። ያ ዕድር ከአራዳ የቀረልሽ ግድግዳ ነው። አባላቱ እንደ ዘር ተበትነው በየሳይቱ የወደቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸው ሲሞቱ የሚያለቅስላቸው ሰፈር የለምና ዕድሩ ሰፈራቸው ሆኗል። ወርኃዊ መዋጮሽን ክፈይ፤ ለለቅሶው ሂጂ፤ ርቀቱን አታስቢ። ከዚያ ጎን ለጎን ቱሉ ዲምቱም ዕድር ግቢ፤ በሁለት ዕድር መመዝገብ ብልግና አይደለም። አዲሱ ዕድር ውስጥ መጀመሪያ እንግዳ ትሆኛለሽ፤ ሊቀመንበሩ ስምሽን ያሳስታል፤ ዳር ላይ ትቀመጫለሽ። ሽንኩርት መክተፊያው ዘንድ ሄደሽ ቢላ አንሺ፤ እዚያ ስም የሚጠይቅሽ ሳይሆን ወሬ የሚያወራሽ ነው የምታገኚው።

የጽዋው ተራሽ ሲደርስ ደግሞ፣ እባክሽ፣ «ሩቅ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ነው» ብለሽ ሌላ ቦታ አትፈልጊ። የአራዳ ሰዎችሽን ቱሉ ዲምቱ ጥሪያቸው። እነ እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው፣ በየፎቁ አርፈው፣ «ወይ ልጄ፣ ሰማይ ላይ ነው እንዴ የምትኖሪው?» እያሉ ይውጡ። ሲገቡ መስኮቱን ክፈቺና ዝቋላን አሳዪያቸው። ወንበር እንደሚጎድልሽ አውቃለሁ፤ ከፊት ለፊት በር ተበደሪ። ወንበር የተበደሩትን ሰው ደግሞ ሳይጠሩ መቅረት ነውር ስለሆነ እሷንም ትጠሪያታለሽ፤ ከእትዬዎቹ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቋታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከአንቺ ይልቅ እነሱ ያውቋታል።

«ለጊዜው» የምትዪውን ቃል በግድ አትተዪው። አንድ ቀን ሰው ሲጠይቅሽ ሳታስቢው ይቀርና አንቺ ራስሽ ትደነግጪያለሽ።

በርበሬውን ግን አሁኑኑ። ከብሎካችሁ በታች ወይም ከታክሲ ተራው አጠገብ ወፍጮ ቤት አይጠፋም፤ ካላየሽውም ልጅሽ ያውቀዋል። ለሙከራ ሁለት ኪሎ ብቻ ውሰጂ። ባለ ወፍጮውን ስሙን ጠይቂው፤ «ደቀቅ አድርግልኝ» በዪው፤ እስኪጨርስ ቁሚና አስነጥሺ። ቀለሙ እንዴት እንደወጣ ጻፊልኝ። ኮረሪማውን ቀንሰሽ ከሆነ ደግሞ ወፍጮውን እንዳትወቅሺ።